ያልተሰበረ ቅርንጫፍ

ታላቅየው እንጨት ቆራጭ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠው ታናሹ እንዲማር ብሎ ነበር፤ ሰፈርተኛው ግን ውለታውን ረስቶ «አራተኛ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ታናሹን «ዲግሪ» አሉት። የቤት ጣሪያ ሲደነቅ ግድግዳውን ማን እንዳቆመው የሚጠይቅ የለም። ዲግሪም ከተማ ገብቶ ወንበር ካገኘ ወዲህ «ጋሼ» ማለቱን ትቶ ታላቁን «አንተ» ይለው ጀመር። አራተኛ ነገሩን በሆዱ ያዘው።

አንድ ክረምት ዲግሪ ለእረፍት መጣና መንገድ የሌለውን ሸለቆ ሦስት ቀን በእግር ላቋርጥ አለ።

«ለምን ጉዳይ?» ቢሉት፣

«ለመዝናናት።»

አራተኛ ሊስቅ ፈልጎ አፉ እንቢ አለው። በዚያ ጥሻ ሃያ ዓመት ጀርባው ሲላጥ መዝናኛ መሆኑን የነገረው አልነበረም። እናታቸው «ብቻውን እንዳትለቀው» ስላለችው ግን ትልቁን ሻንጣ በጀርባው አዝሎ ተከተለ።

በመጀመሪያው ቀን፣ እንደ ልማዱ፣ በየሃያ እርምጃው ቅርንጫፍ ሰበር እያደረገ ወደ መጡበት ያዘነብለው ነበር። ጥሻው ከክንድ በላይ አያሳይም፤ የገባ ሰው የሚወጣው በሰበረው ቅርንጫፍ ነው። ዲግሪ ዞር ብሎ አየውና ሳቀ።

«ፍየል ነህ እንዴ አንተ፣ ቅጠል የምትቀነጥበው? መንገዱን ስልኬ ይዞታል።»

«ሲጠማህ ስልክህ ውሃ ይቀዳልሃል?»

«አንተ ተሸከም። ማሰቡን ለእኔ ተወው።»

ያቺ ቃል ሥጋውን አልፋ አጥንቱ ላይ አረፈች። «እሺ ጌታዬ» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቅጠል አልነካም።

በማግስቱ ውሃው የደረቀ ፏፏቴ አፋፍ ደረሱ። ዲግሪ ሻንጣው ቀድሞ እንዲወረወር አዘዘ። አራተኛ ከታች ያለውን ቋጥኝ አይቷል። ታዘዘ፣ ወረወረ። ሻንጣው ውስጥ የነበረው የውሃ ጀሪካን ፈነዳ። ዲግሪም ሲወርድ አዳለጠው፤ ጭኑ ተሰበረ፣ ስልኩም ከሥሩ ደቀቀ።

«ውሃ…» አለ፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

አራተኛ ባዶ ኮዳ ይዞ ጥሻው ውስጥ ገባ። ለመጀመሪያው ቅርንጫፍ ቆንጨራውን ሲያነሳ «ፍየል» የምትለዋ ቃል ትዝ አለችው። እጁን መለሰ። «ቅርብ ነው፣ ደግሞ ለዚህ!» ብሎ አለፈ።

ቅርብ አልነበረም። ሁለት ሸንተረር ተሻግሮ ከድንጋይ ሥር ውሃ አገኘ። ጠጣ፣ ኮዳውን ሞላ፣ ዞረ። ጥሻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት።

«ጋሼ!»

ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ከግራም ከቀኝም መለሰው።

«ጋሼ፣ እዚህ ነኝ!»

አሥር ዓመት የናፈቃት ቃል ነበረች። ወደ ግራ ሲሮጥ ከኋላው ትጠራዋለች፤ ሲዞር ከበላዩ። «ተናገር! ዝም እንዳትል!» እያለ ጥሻውን በደረቱ ሰነጠቀው፤ እሾኹ ፊቱን ተለተለው። ሊመሽ ሲል ድምፁ ሳሳ። ሲነጋ ጭራሽ ጠፋ።

እኩለ ቀን ላይ ዝንብ ተከትሎ አገኘው። የገዛ ዱካው ከሬሳው አሥር እርምጃ ላይ ሁለት ጊዜ አልፏል። ኮዳውን ከንፈሩ ላይ አዘነበለ፤ ውሃው በአገጩ ወርዶ አንገቱ ሥር ገባ።

ማንም ሳያዝዘው አዝሎት ወጣ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ወሬው ቀድሞት ስለነበር እናቱና ለቀስተኛው ደጃፍ ላይ ጠበቁት። ሬሳውን ወደ ቤት ካስገቡ በኋላ የሆነውን ሲነግራት እናቱ አላለቀሰችም፤ ፊቱን ብቻ አየችው።

«ልጄ፣ ወደ ውሃው ስትወርድ ቅርንጫፍ አልሰበርክም ነበር?»

ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣

«አላዘዘኝም» አለ።

እናቱም «የሚቀመጥበት ነገር ስጡት» ብላ ወደ ሌላው ልጇ ገባች።