አሮጌው መሳፈሪያ ላይ የሚቆመው ባቡር

የጣቢያችንን ታሪክ የጻፈው የለም፤ እኔም የማስቀምጠው የሰማሁትንና ያየሁትን ነው። ድሮ መሳፈሪያው ከዛሬው ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ሥር ነበር። አንድ ጠዋት ናዳ ወርዶ፣ ሥራ ለመሄድ የቆሙትን አሥራ አንድ ሰዎች በላ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንደኛው የእህቴ ባል አባት ነበሩ። አስከሬናቸው አልተገኘም።

የእህቴ ባል የጠዋቱን ባቡር ይነዳል። ከእሱ በፊት እንደነበሩት ነጂዎች ሁሉ፣ አሮጌው መሳፈሪያ ጋ ሲደርስ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ በር ይከፍታል። የሚገባ ሰው አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ባቡሩ ይከብዳል። ነጂዎቹ አዲስ ገቢውን የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፦ ለቀጣዩ ጣቢያ ፍሬኑን አሥር ሜትር ቀደም ብለህ ያዝ፣ ለምን ብለህ አትጠይቅ።

አዲሱ ተቆጣጣሪ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው በሌለበት መቆም ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ከቆምክ ቁልፉን ታስረክባለህ አለው የእህቴን ባል። እህቴም እንዳይቆም ባሏን ስትለምነው አመሸች፤ ሙታን ልጅ አያሳድጉም እስከማለት ደረሰች።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ከነጂው ጎን ተቀመጠ። እኔ ወደ ሥራዬ ስሄድ ሁሌ ከጀርባቸው ነው የምቀመጠው፤ የክፍላቸው በር ገርበብ ብሏል። አሮጌው መሳፈሪያ መጣ፤ አለፍነው። የእህቴ ባል አንገቱን እንኳ አላዞረም። ፉርጎው ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከተሳፈረች ጀምሮ ስታንኮራፋ የነበረችው ነርስ ነቃች።

ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ፍሬኑን በለመደው ቦታ ያዘ። ባቡሩ ከመሳፈሪያው አሥር ሜትር ሲቀረው ቀጥ አለ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለ ተቆጣጣሪው።

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ባቡሩ ቀለለ።"

ተቆጣጣሪው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ አልመጣለትም።

"ጥለናቸው መጣን" አለ የእህቴ ባል። ቁልፉን ነቅሎ ተነሣ። ተቆጣጣሪው እጁን ቢዘረጋለት፣

"መጀመሪያ ላድርሳቸው" አለው።

ባቡራችን በጅራቱም በኩል ይነዳል፤ ተከታዩ ባቡር ደግሞ ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። በፉርጎዎቹ መሐል አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሥራ ረፈደብኝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ነርሷ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ሌሎቹም እንዲሁ። እኔም የፈጣሪን ስም ጠርቼ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

ባቡሩ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።