የሉላ ልክ

እኛ ሰፈር ስማቸው ማሽን ላይ የተጻፈ ሦስት ሴቶች አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። መንገድ ያሠራሁ ወይም ድልድይ ያስመረቅሁ እንዳይመስላችሁ። አውራ ጣቴ ሰፊ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቄ አቃቂ፣ ሀይረዲን ሕንፃ ሥር ነው። ከሱቄ አጠገብ፣ የሕንፃው መግቢያ ላይ፣ ተለጣፊ ጥፍር የሚሸጥ ማሽን ቆሟል። ብር ታጎርሱታላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ ይዞርና ትንሽ ካርቶን ወደ ታች ይጥላል። ካርቶኑ ውስጥ ቀለም የተቀባ፣ አበባ የተሣለበት፣ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው ጥፍር አለ። ቤት ወስዶ መለጠፍ ብቻ ነው። ድሮ በሰው አገር ብስኩት ይሸጥ ነበር አሉ። መርካቶ ወድቆ ያገኙትና እዚህ ጎትተው ያመጡት ሌንሳና ሉላ የሚባሉ እህትማማቾች ናቸው፤ ከሕንፃው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር ልበል።

ሌንሳ ጥፍሩን ትሠራለች፣ ሉላ ማሽኑን ትጠግናለች። ሌንሳ ካቻቢቴ አያያዝ አታውቅም። ሉላ ደግሞ አንድ ቀን እህቷን ላግዝ ብላ ብሩሽ ብታነሣ፣ ጥፍሩ ቀለም የጨረሰ አጥር መሰለ።

ከውጭ የሚመጣው ጥፍር ልኩ በቁጥር ነው። ሉላ ይህን አልወደደችውም። «የኛ ሰፈር ሴት የጣቷን ቁጥር በምን ታውቃለች? የጎረቤቷን ጣት ግን ታውቃለች» አለች። ስለዚህ ቁልፎቹ ላይ የሰው ስም ተጻፈ። ቀጭኑ «ናዕማ» ነው፤ የሕንፃው ባለቤት የሀይረዲን ልጅ ናት፣ ጣቷ እንደ ጧፍ ነው። ሰፊው «ፀሐይቱ» ነው። ልብስ ሳጥብ፣ ጆንያ ስጎትት ያሳደግኩት ጣት ነውና አላፍርበትም፤ ግን ሴቶቹ ሱቄ በር ላይ ቆመው «ኧረ እኔ ፀሐይቱ አይደለሁም፣ እንደሱ አትበይኝ!» እየተባባሉ ሲጣሉ መስማት ደስ አይልም። መካከለኛው «ሉላ» ነው። አብዛኛው ሰው ሉላ ነው። ከሳሪስ አቦ ድረስ መጥተው «ሉላ አለ?» ይሉ ነበር።

ሑዳዴ በገባ ሰሞን ሉላ ሞተች። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ሬሳዋን ይዘን ተመለስን። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ሌንሳም የምታውቅ አይመስለኝም።

ሌንሳ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከብበው «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ቢሏት፣ ቀና ብላ «ምኑ?» አለች። የቀረበላትን ትበላለች፣ ተነሺ ሲሏት ትነሣለች።

ድንኳኑ የተተከለው ሕንፃው ፊት ለፊት ነበር። ማሽኑ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ መብራት አለው፤ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ ሳያንስ ሰው በገዛ ቁጥር እልል ይላል። ሙሽሮች ይወዱታል ብላ ሉላ ነበረች ድምፅ ማጉያ የገጠመችለት። እኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ ነገሩን ያልሰማች አንዲት ልጅ መጥታ ጥፍር ገዛች። እልልልል!

የእድራችን ዳኛ ጋሽ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይህ ነገር ይጥፋ!»

«በምን ይጠፋል?» አልኳቸው።

«በማጥፊያው ነዋ!»

«ማጥፊያውን የምታውቀው እሷ ነበረች።»

ሶኬቱ ከማሽኑ ጀርባ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሌባ እንዳይወስደው ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል። ጋሽ በዛብህ ዞረው አዩት፣ በከዘራቸው ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ፈረዱ።

«ሐዘን የገባበት ቤት ዕቃ አያብረቀርቅም። ይሸፈን።»

እሳቸው ሲናገሩ ሁሉም ነገር ከመጽሐፍ የተነበበ ይመስላል፤ ማንም አልተከራከረም። ትርፍ የድንኳን ሸራ ሁለት እጥፍ ሆኖ መጣ። ማሽኑን ጠቅልለው፣ በሲባጎ ጠፍረው ገነዙት። ለሟች ክብር ነው፤ እስከ አርባዋ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ማንም አልነካውም። ውስጡ መብራቱ እንደበራ፣ ውጪው የመጋቢት ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው፣ ከነክብሩ ቆመ።

ከአርባዋ በኋላ ሸራው ሲገፈፍ፣ መስታወቱ ውስጥ ያየነው ነገር ጥፍር አይመስልም ነበር። ማጣበቂያው ቀልጦ ካርቶኖቹን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ጥፍሮቹ ፀሐይ እንዳገኘው የብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልለዋል።

ጋሽ በዛብህ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኛ እኮ... ለክብሯ ብለን ነው ልጄ።»

«ምንም አይደል» አለች ሌንሳ። እውነትም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ፋሲካ አለፈ። በማግስቱ ሀይረዲን ወደ ሱቄ መጥቶ ሳሙና እንደሚገዛ ሰው ቆመ። የስልጤ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ነገር ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ይገዛል።

«ፀሐይቱ፣ ሌንሳን አነጋግሪያት። የጁስ ማሽን ሊያቆም የሚፈልግ ሰው አለ። ይህችን ልጅ በሐዘኗ ላይ ላለማስቸገር ዝም ብያለሁ። ሰው ግን በሩ ላይ የሞተ ማሽን እያየ ያልፋል።»

«ራስህ ንገራት።»

«እኔ እፈራለሁ።»

«ምን ታደርግሃለች?»

«ምንም አታደርገኝም። እሱን ነው የምፈራው።»

በመጨረሻ አብረን ነገርናት። ዳግማይ ትንሣኤ የሠርግ ቀን ነው፤ እስከ ዋዜማው ቅዳሜ ማሽኑ እንደ ድሮው ከሠራ ይቆያል። ካልሠራ ቦታው ለጁሱ ሰው ይሰጣል፣ ማሽኑንም ቁራሌው ይወስደዋል።

«ትፈልጊዋለሽ ግን?» አልኳት ሀይረዲን ሲሄድ። «ካልሆነልሽ ማንም አይፈርድብሽም።»

ትንሽ አሰበች። «ሌላ ሥራ አላውቅም» አለች።

ጀመረች። ከሉላ መሣሪያዎች መሀል ካቻቢቴ አነሣች፣ የትኛው ጫፉ እንደሚይዝ ቆማ አየች። በሩን ከፈተች፤ ማጥፊያው ውስጥ ኖሯል፣ አጠፋችው። መጀመሪያ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ በጥሳ ጣለች። ከዚያ የናዕማን መስመር ሽቦ አውጥታ በሙቅ ውኃና በአሴቶን እያሸች ማጽዳት ያዘች። ሱቄ ድረስ ሸተተኝ። የኔንም አወጣች። «የኔ በጣም ተጣብቋል?» ብላት «ያንቺ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል» አለችኝ። ድሮ ይህን ብትለኝ እንስቅ ነበር። እሷ ግን የምታየውን ነበር የተናገረችው።

ማታ ማታ የናዕማንና የኔን ልክ አዲስ ጥፍር ሞርዳ ቀባች። ልካችን ማሽኑ በር ውስጠኛው በኩል በማርከር ተጽፏል፤ ሌንሳ ድሮ ጥፍራችን ላይ ስኮች እየለጠፈች ዳርና ዳሩን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ፣ በማስመሪያ ለክታ የጻፈችው ነው። ካርቶኖቹን ደረደረች፣ በሩን ዘጋች፣ ማሽኑን አበራች። የሉላን መስመር አልነካችውም። የተጣበቁት ካርቶኖች እንዳሉ ነበሩ፤ ሉላ በእጇ የሞላቻቸው የመጨረሻዎቹ።

«ያኛውስ?» አልኳት።

«ሁለቱ ይበቃል።»

አልበቃም። መጀመሪያ የመጣችው ልጅ በቀጥታ «ሉላ»ን ተጫነች። ሽቦው ሊዞር ሞከረ፣ አቃተው፣ ጓ አለና ቆመ። ያ ማሽን ጠባዩ መጥፎ ነው፤ አንዱ መስመር እንቢ ካለው ሁሉንም ይቆልፋል፣ የጎረሰውንም ብር አይመልስም። ልጅቷ በጥፊ መታችው። ሌንሳ መጥታ አጥፍታ አበራችው። ሁለተኛዋ መጣች፤ እሷም ሉላ። ሌንሳ ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት፤ ሦስተኛዋ ፕላስተሩን ልጣ ተጫነችው። የአገሬ ሰው አትንካ ከተባለ ይነካል።

ጋሽ በዛብህ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት አሉ። ሀይረዲን «ስሙን ብንቀይረውስ?» አለ ቀስ ብሎ። ሌንሳ ሁለቱንም አየቻቸው። ካቻቢቴውን አነሣችና የሉላን መስመር ነቀለችው።

ሱቄን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ካርቶኖቹን በቢላዋ እየፈለቀቀች ፌስታል ውስጥ ትጥላለች። ስትከፍታቸው ነው የገረመኝ። እያንዳንዱን ትከፍታለች፣ ጥፍሩን እያነሣች ብርሃን ላይ ታያለች፣ ትጥላለች። ሁሉም ተጣሟል።

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ያልተበላሸ።»

«ምን ያደርግልሻል? አዲስ ትሠሪ የለ?»

«በምን ልክ?»

አልገባኝም። የማሽኑን በር ከፍቼ አየሁ። ፀሐይቱ ተጽፏል። ናዕማ ተጽፏል።

«የሷን የት ነው የጻፍሽው?»

«አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

«እዚህ ነበረቻ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። በቀስታ አስረዳችኝ፣ የሰው ታሪክ እንደምትነግረኝ። የሉላን መስመር ስትሠራ ሉላ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ በአንድ እጇ ስልኳን እያየች ሌላውን ትሰጣታለች። ጥፍሩን ጣቷ ላይ አስቀምጣ ትሞርዳለች፣ እንደገና ታስቀምጣለች፣ እስኪገጥም። ሁልጊዜ እንዲያ ነበር። መጻፍ ለሩቅ ሰው ነው።

የመጨረሻውን ካርቶን ከፈተች። እሱም ተጠቅልሏል።

«ከኔ ያነሰ፣ ከናዕማ የበለጠ አድርጊዋ» አልኳት። እንዳልኳትም አደረገች፤ በግምት ሠርታ መስመሩን ሞላች። ዓርብ ማሽኑ ጥሩ ዞረ፣ ተሸጠም፤ ሀይረዲን ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ተመልሰው መጡ። አንዷን ጠብቧታል፣ አንዷ እጇን ስትታጠብ ወልቆባታል። «ይኼ ሉላ አይደለም!» ብላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ካርቶኑን ሱቄ ላይ ወረወረችው። «እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? እኔ ፀሐይቱ ነኝ!» አልኳት። ሌንሳ የተመለሱትን ሰብስባ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አላዘነችም፣ አልተናደደችም። ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠች።

ረፋድ ላይ ከኮዬ ፈጬ አንዲት ልጅ መጣች። ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሏል፣ ችኩል ናት።

«እትዬ፣ የዚህ ማሽን ባለቤት የት ነው? ነገ ሚዜ ነኝ እኮ! እኔ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሉላ ነኝ፣ አንድ ቀን ሳይገጥመኝ ቀርቶ አያውቅም። እንደ ራሴ ጥፍር ነበር። ትናንት የገዛሁትን እዩት፣ ወዲህ ወዲያ ይላል።»

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ ጣቶቿን አየሁ። ሌንሳ ከደረጃው ላይ ተነሣች።

«አንድም ቀን?» አለቻት።

«ምን?»

«አንድም ቀን ሳይገጥምሽ ቀርቶ አያውቅም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ብሞርደው፣ ብቆርጠው ብዬ አላውቅም።»

«ቁጭ በይ» አለች ሌንሳ።

ወንበር አወጣሁ። ሌንሳ ስኮች፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዛ መጣች፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ የልጅቷን ቀኝ እጅ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ከቀብሩ ወዲህ የሰው እጅ ስትይዝ ገና ማየቴ ነው፤ ሰው ሲጨብጣት እንኳ እጇን ትሰጥ ነበር እንጂ አትይዝም ነበር። ስኮቹን በጥርሷ ቆርጣ የልጅቷ አውራ ጣት ላይ ለጠፈች፣ ዳርና ዳሩን ምልክት አደረገች፣ አንሥታ ለካች፣ የማሽኑ በር ላይ «ሉላ» ብላ ልኩን ጻፈች። ወደ ሌባ ጣት አለፈች።

ልጅቷ ዝም ማለት አይሆንላትም። «ግን ሉላ ማናት? የሰፈራችሁ ሰው ናት? ጓደኞቼ ፈረንጅ ናት ይሉኛል።»

እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

«እህቴ ናት» አለች ሌንሳ ከጣቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። «ሞታለች።»

ልጅቷ ደንግጣ እጇን ልትስብ አለች። ሌንሳ አለቀቀቻትም።

«አታንቀሳቅሺው፣ ይበላሻል።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ ቁጭ በይ አልኳት በዓይኔ። ቢጉዲኗን እንደጠቀለለች፣ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች። «ነፍስ ይማር» አለች በመጨረሻ። «አሜን» አልኩ እኔ። ሌንሳ የመሀል ጣቷን እየለካች ነበር። ፊቷን አየሁት። አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እጇ ግን አይቸኩልም።

ሀይረዲን ብቅ አለ። በሱ ቤት ቀስ ብሎ መጥቷል፤ ጫማው ግን ይንጫጫል።

«ሌንሳ፣ የጁሱ ሰውዬ ደወለ። መኪና ላይ ጭኜ መጥቻለሁ ይላል። ምን ልበለው?»

«እስከ ማታ እሞላዋለሁ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

የተያዘውን እጅ አየ፣ በሩ ላይ እየተጻፈ ያለውን አየ። ጥያቄ ሊጨምር ፈልጎ እኔን አየኝ፤ ምንም አላገዝኩትም። ስልኩን አውጥቶ ወደ ውጪ ወጣ። «ወንድሜ፣ መኪናውን መልሰው» ሲል ሰማሁት።

ሌንሳ የትንሿን ጣት ልክ ጽፋ ጨረሰች። ልጅቷ አለቀ ብላ ልትነሣ ስትል፣ ሌንሳ አዲስ ስኮች ቆረጠች።

«ሁለቱ እጅ እኩል አይደለም» አለቻት። «ግራውን አምጪ።»