ክር የምታህል ብርሃን

«ስኳሩ ነው የበላው» አሉ አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ስኳሩማ አይደለም!» የሟቹ ሚስት ለለቀስተኛው ሻይ እንደያዘች ቆመች። «በየማለዳው ጣቱን እየወጋ ሲለካ አላየሁም? እንደ ፈረስ ልጓም አግብቶለት የለም እንዴ?»

ቧንቧ ሠራተኛው ባሏ የተቀበረው ትናንት ነው። ለሥራ ሲለባብስ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ።

ነርስ የሆነችው የእህቷ ልጅ ጠጋ አለቻት። «እውነትሽን ነው አክስቴ፣ ስኳሩ ደህና ነበር። ግን ስኳር ያለበት ሰው በደሙ ስብ ከበዛ የልቡ ደም ስር ቶሎ ይጠባል። ለስቡ የታዘዘለትን ኪኒን ትቶት ነበር።»

«ስብ የት በልቶ? ጮማ ከነካ ስንት ዘመኑ!»

«እሱም ይህንኑ ነበር የሚለኝ። ጉበት ራሱም ይሠራዋል እኮ።»

ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ደረቱ ላይ ተኝታ ልቡን ስትሰማ ኖራለች፤ እዚያ ውስጥ ይህ ሁሉ ሥራ እንዳለ ማን ነገራት?

«ተይ አንቺ ልጅ!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሾፌሩ፣ ከጥግ ሆኖ። «እኔም ስኳር አለብኝ፤ ያንኑ ኪኒን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ስኳሬ ልክ ነው፣ የሚሰማኝም የለ። ምን በወጣኝ መድኃኒት እውጣለሁ?»

ድምፁ ቁርጥ የወንድሙ ነው።

ሟቹ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ከትልቅ ወጥ ቤት የነቀለውን የፍሳሽ ቧንቧ ይዞ ገባ። ከውጭ ሲያዩት ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ቆረጠና ወደ መስኮቱ አነሳው። «ነይማ እይ!» ውስጡ የወረደው ስብ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ መሀሉ ላይ ክር የምታህል ብርሃን ብቻ። «ውሃው ሁሉ በዚች ሲሾልክ ከርሞ! እስኪዘጋ ማንም አላወቀም። አይገርምሽም?» እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ጣለው ብትለው ወይ ፍንክች፤ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

አሁን ሻዩን አስቀመጠችና ያንን ቁራጭ አምጥታ ሾፌሩ ፊት ቆመች።

«እንካ። በዚህ እየኝ።»

«እትዬ፣ በለቅሶ ቤት...»

«እየኝ አልኩህ!»

ቧንቧውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ወዲያ ወዲህ ሲፈልጋት ቆየ።

«አንድ ዓይንሽ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለ በመጨረሻ። ያ ድፍረቱ ጠፍቶ ነበር። «እሱም እያለቀሰ ነው።»

ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ኪሱን ዳብሶ ኪኒኑን አወጣ። ሲውጥ ጉሮሮውን በዓይኗ ተከተለች፣ ውሃው እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ ቧንቧውን ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ እንደ ተኛ ሰው ቀስ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስተኛችው።