የሚያበራ ዥንጉርጉር

የጋራዡ መኪና ቀለም ቀቢ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ መጀመሪያ ተመትቶ ወጣ። ጨዋታው ፔይንትቦል ነው፤ በአየር ግፊት በሚተኩስ ጠመንጃ፣ ቀለም የተሞላ ጥይት እየተታኮሱ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ የሚሯሯጡበት። ቀለሙ ልብስህ ላይ ከፈነዳ ሞተሃል፤ ከሜዳው ወጥተህ የሌሎቹን ጃኬት ትይዛለህ። የጋራዡ ሰዎች አምስት ሆነው ከጎናቸው ጎማ የሚጠግኑትን አምስት ጎሚስታዎች ይገጥማሉ። ሦስቱንም ቅዳሜ ጃኬት ያዡ እሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጋራዡ አለቃ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ፍርዱን ሰጠ።

«ስማ፣ አንድ የመጨረሻ ዕድል አለህ። ቅዳሜም መጀመሪያ ከወጣህ በአንተ ቦታ የሚስቴን ወንድም አስገባለሁ።»

«እሱ ያንን ቦርጩን ከየትኛው ዛፍ ጀርባ ሊደብቀው ነው?» አለ መካኒኩ።

«ቦርጩ ይታይ። ቢያንስ ይሮጣል፤ እንደዚህኛው ቆሞ አይጠብቅም።»

ቀለም ቀቢው ሳምንቱን ሙሉ በር ዘግቶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ከመኪና ጋር ብቻውን የሚውል ሰው ነው። ከሰው ጋር የሚስቀው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜን ከቀሙት የሚቀረው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ አይስቅም።

ቀኑን ሙሉ አሰበና ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ብሎ ደመደመ። ጠመንጃው ቢጫ ነበር። ጭንብሉም ቢጫ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ገባ። በረንዳውን በውሃ አጠበ፤ አቧራ የቀለም ጠላት ነው። ጠመንጃውንና ጭንብሉን በሳሙና አጥቦ በብርጭቆ ወረቀት አሻቸው። አፈሙዙን በወረቀት ወተፈ፤ ቃታውንና የጭንብሉን መስታወት በፕላስተር ሸፈነ። ከዚያ ሁለቱንም በሽቦ አስሮ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠለጠላቸው።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«አንተ! ምንድን ነው የሰቀልክብኝ?»

«ጠመንጃ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አየሁት። አንሶላዬ የት ሄደ ነው የምልህ።»

«አልጋሽ ላይ ነው። አጥፌዋለሁ።»

«እርጥቡን?»

«ብዙም አይደል።»

መጀመሪያ ቡናማ ቀለም በመርጫ ነፋ። ሲደርቅ ከአጥሩ ሥር የቀጠፋቸውን ቅጠሎች አስደግፎ በላያቸው ላይ አረንጓዴ ነፋ። ቅጠሎቹን ሲያነሳ የቡናማ ቅጠል ቅርጽ ታትሞ ቀረ። በመጨረሻም እህቱ ቆርጣ የጣለችውን ዳንቴል አልብሶ ጥቁር ቀለም በስሱ ነካ ነካ አደረገበት። ዳንቴሉ ሲነሳ የእባብ ቆዳ የመሰለ ነገር ወጣ።

ዓርብ ሲያየው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢጥሉት ባለቤቱም ፈልጎ የማያገኘው ዥንጉርጉር ሆኗል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። የቀለሙ ጣሳ ላይም እንዳይወለወል ተጽፏል። ግን በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ደብዛዛ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ደብዛዛ መኪና ያላለቀ መኪና ነው፤ ባለቤቱ በማግስቱ ይመልሰዋል። በጣቱ ዳሰሰው። ሻከረው። ሰው ያየው ይመስል አፈረ። መኪና ላይ መጨረሻ የሚነፋውን ጥርት ያለ ቫርኒሽ አወጣና አንድ ጊዜ ነፋ። ሁለተኛውን የነፋው የመጀመሪያው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሰም ወለወለው።

እህቱ ጠመንጃውን ተቀብላ ፀጉሯን አስተካከለችበት።

«ወንድሜ፣ ይኼ የምትደበቅበት ነው የምትዳርበት?»

«ሥራ ሲያልቅ እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«የትኛው ቅጠል ነው እንዲህ የሚያበራው?»

ትንሽ አሰበ። «የታጠበ ቅጠል» አላት።

ሜዳ ሲደርሱ አለቃው በግራ በኩል፣ ዳር ላይ እንዲተኛ አዘዘው። ተኛ። እንደዚያን ቀን ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ አያውቅም፤ ትንፋሹን እንኳ በቁጠባ ነበር የሚተነፍሰው። ፀሐይዋ ከደመና ወጣች።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ከወዲያ ማዶ አንዱ ጎሚስታ።

«መስታወት መሰለኝ።»

«ጫካ ውስጥ መስታወት ማን ሰቀለ?»

«እስቲ ዞር በል፣ እኔም ልየው!»

አንዱ ቀና አለ። ሁለተኛው ቀና አለ። ሦስቱ ደግሞ የሁለቱን አይተው ተነሡ። ጥቂት ካዩት በኋላ አምስቱም ተኮሱ።

ቀለም ቀቢው እጁን አንሥቶ ወጣ። ሰባት ቦታ ተመትቷል። ጃኬቶቹን ሰብስቦ ያዘና ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ። ሲሰናበት የሚናገረውን በልቡ ማዘጋጀት ጀመረ፤ «ደስ የሚል ጊዜ ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊሽካ ተነፋ። ዞር አለ። አምስቱ ጎሚስታዎች በሰልፍ እየወጡ ነው፤ የሁሉም ጀርባ በቀለም ተበክሏል። እሱን ቆመው ሲተኩሱ አለቃውና መካኒኩ ከኋላቸው ደርሰውባቸዋል።

አለቃው ላቡን እየጠረገ መጣ።

«መጀመሪያ ወጣሁ» አለ ቀለም ቀቢው ቀድሞ።

«አየሁ።»

«የሚስትህ ወንድም የሚመጣው ቅዳሜ ይመቸዋል?»

«እሱ ምን ያደርግልኛል?» አለቃው ጠመንጃውን ወስዶ ወደ ፀሐይ አዘነበለውና ዓይኑን ጨፈነ። «የሚመጣው ቅዳሜም እዚያችው ትተኛለህ። ትንሽ ከፍ በል ብቻ፤ ሣሩ ይጋርድሃል።»

«አለቃ፣ እኔ እኮ የቀባሁት እንዳልታይ ብዬ ነው።»

«እሱን እርሳው። ከዛሬ ጀምሮ መደበቅ አይፈቀድልህም።»

መካኒኩ ሳቀ። ጎሚስታዎቹም ሳቁ። ቀለም ቀቢው አብሯቸው ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። የሚመጣው ቅዳሜ ደመና ቢሆንስ?