ዘንበል ያለችው ወረቀት

አለቃችንን ከኋላው "ማስመሪያው" እንለው ነበር። ሰውየው ጠመም ያለ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ያቃናል፣ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ እስክሪብቶ ያቃናል፤ አንዴማ ሊቆጣኝ መጥቶ እየተቆጣኝ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካክሎልኛል። የገዛ ሥራው ከጠመመ ስንት ዓመቱ ነበር፤ እሱን ግን አያየውም። እኔ አውሮፕላን መቆጣጠር ከጀመርኩ አሥራ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ አንድ ቀን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሲያደርግ አላየሁም። ታዲያ በምን ተሾመ ብትሉኝ፣ ፋይል በመደርደር ነው የምላችሁ።

ሥራችንን ላስረዳ። እያንዳንዱ አውሮፕላን አንዲት ጠባብ ወረቀት አለችው። ስሙ፣ ከፍታው፣ የሚያልፍበት ሰዓት ይጻፍባትና በፕላስቲክ መያዣ ገብታ ፊታችን ካለው ሰሌዳ ላይ ትደረደራለች። የሁለት አውሮፕላኖች መንገድ የሚገናኝ ከሆነ የአንዱን ወረቀት ሆን ብለን ዘንበል እናደርጋታለን። ዘንበል አለች ማለት ጉዳዩ አላለቀም፣ ሳታስብ እንዳትፈቅድ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተቆጣጣሪ የለም። ማስመሪያው ግን መቼ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያውቃል?

ያን ማክሰኞ ራዳራችን ጥገና ላይ ስለነበር ያለን ዓይን ወረቀቶቹ ብቻ ነበሩ። አንድ የጭነት አውሮፕላን በአሥራ ስምንት ሺህ ጫማ ከፍታ ይመጣል። አርባ ሦስት ሰው የጫነ የመንገደኛ አውሮፕላን ደግሞ በአሥራ ስድስት ሺህ ላይ ሆኖ፣ ወደ ሃያ ሺህ ልውጣ ይላል። መንገዳቸው ይቋረጣል፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሺህ ጫማ መኖር አለበት። የጭነቱ እስኪያልፍ ጠብቅ አልኩትና ወረቀቱን ዘንበል አደረግኳት።

ይሄኔ ማስመሪያው ከረባቱን አስሮ ከተፍ አለ። ትልልቅ እንግዶች ደረጃውን እየወጡ ነው፣ ተነሽና አስረጂልኝ፣ ቶሎ በይ አለኝ። ወንበሩን ለጋሼ ለቀቅኩለት። ጋሼ እኔን ሥራ ያስተማረኝ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ነው። "ጋሼ፣ ዘንበል ያለችዋን አደራ" አልኩት። ዘርዝሬ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ይህን ጥፋቴን አልክድም። ግን ያ ሰውዬ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ እንዴት ብዬ!

ዞር ስል ማስመሪያውን በዓይኔ ጥግ አየሁት። ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ አንድ ነገር ነካ አደረገ። አቧራ የሚጠርግ መሰለኝ፤ አይ የእኔ ነገር።

በር ላይ ቆሜ ለእንግዶቹ ስለ መስኮቱ ስፋት እቀባጥራለሁ። ድንገት የመንገደኛው አብራሪ ድምፅ ከማጉያው መጣ። የተፈቀደለትን መልሶ እየደገመ ነው፤ ወደ ሃያ ሺህ እየወጣሁ ነው ይላል። ክው አልኩ። እንግዳ ገፍቼ፣ ወንበር ገልብጬ ማይኩን ከጋሼ እጅ ነጠቅኩና መውጣትህን አሁኑኑ አቁም አልኩት። አውሮፕላን እንደ መኪና ፍሬን ተይዞ አይቆም፤ እስኪያቆም አሥራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ደርሷል። አራት መቶ ጫማ ቀረ። አብራሪው ትንሽ ቆይቶ፣ የጭነቱን ሆድ በዓይኔ አየሁት አለኝ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳይ ወረቀቷ ቀጥ ብላለች።

"ዘንበል ያለች ፈለግኩ፤ የለችም። ጨርሰሽው የተነሳሽ መሰለኝ" አለኝ ጋሼ።

ማስመሪያው በማግስቱ ሪፖርት ጻፈ። መስመሩ የተስተካከለ፣ ገጹ ያማረ፣ እውነት ግን ለመድኃኒት የማይገኝበት ሪፖርት። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ሳታዘነብል ወንበሯን ጥላ ስለሄደች ፈቃዷ ይነጠቅ ይላል። ያቃኗት እርስዎ ነዎት ብዬ ፊት ለፊት ብነግረው ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ። ጋሼ ዘንበል ያለችዋን አደራ ማለቴን ሲመሰክርልኝ ደግሞ ተመካክረው ነው አለ። መቅረጫው የሚቀዳው ሬዲዮውን እንጂ የእኛን ወሬ አይደለም፤ እና ታገድኩ።

ቤት ቁጭ ብዬ እየተነፋረቅኩ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ። የኮሌታዬን ነገር ሳነሳ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"አመል ያወጣል ከመሀል፣ ልጄ" አለችኝ። "ምላሱን ተይው፤ እጁን ጠብቂ።"

ጉዳዩን የሚመረምሩት አጣሪዎች ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ የቀድሞ አብራሪ ናት። ወረቀቷ ትቅረብልኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ ከነመያዣዋ መጣች። እንዴት እንደማዘነብላት ላሳያችሁ ብዬ ልክ ማስመሪያው ፊት ዘንበል አድርጌ አስቀመጥኳትና ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ያ እጅ ካልመጣ የሠራሁበት ዘመን ሁሉ፣ የጋሼም ስም አብሮ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ነው።

ተራው ደረሰና አፉን ሞልቶ ጀመረ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ ዘንድሮ ሠራተኛ ግዴለሽነት አወራ፤ ማን ስለ ማን እንደሚያወራ እዩልኝ። መጀመሪያ እጆቹ እንደተቆላለፉ ነበሩ። ቀጥሎ አንድ ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ዓይኑ ወደ ወረቀቷ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

"በአገልግሎት ዘመኔ የተቆጣጣሪ ወረቀት ነክቼ አላውቅም" እያለ በሁለት ጣቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ አደረጋት።

ሰብሳቢዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መልሳ ዘንበል አደረገቻትና ይቀጥሉ አለችው። ቀጠለ። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ እንደገና አቃናት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለችው።

"እኔ? ምንም።"

ዓይናችንን ተከትሎ ቁልቁል አየ። ሁለት ጣቶቹ ገና ወረቀቷ ላይ ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጋሼ ከጎኔ እጄን ጨበጠኝ። ማስመሪያው ግን ያኔም ቢሆን ጣቶቹን ቶሎ አላነሳም። የወረቀቷ አንድ ጥግ ትንሽ ዘመም ብላ ስለነበር መጀመሪያ እሷን አስተካከለ።