የጠገቡት ዓሦች

መርፌ ወንድሟን ካኮረፈች ዓመት አልፏታል። ኩርፊያ ሲባል ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ የሚታለፍ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ግቢ እያደሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ የአንዲት እናት ዓሣ እያረቡ ቃል አይለዋወጡም! እሱ ቁመቱ ረዥም ስለሆነ ዘነዘና ይሉታል፤ እሷን ደግሞ ትንሽ ሆና ስለምትዋጋ መርፌ። ስም አውጪው አልተሳሳተም።

ነገሩ የተነሳው ዘነዘና ከሰዓት ከሰዓት ገበያ ወርዶ በመርከብ የመጣ የቀዘቀዘ ዓሣ መሸጥ ሲጀምር ነው። ባሕር ማዶ፣ እነሱ ረግጠውት በማያውቁት አገር፣ እንደነሱ ያሉ ሰዎች ያረቡት ዓሣ በካርቶን ታሽጎ፣ ያን ሁሉ ውሃ አቋርጦ ይመጣና ከመርፌ ዓሣ በግማሽ ዋጋ ይቸበቸባል። እንዴት ሆኖ? የሚያውቅ ይንገረን። የመርፌ መኖ ራሱ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ማዶ መኖው የሚሠራበትን አኩሪ አተር የሚያበቅሉት ሰዎች ዝናብ ሲቀርባቸው እዚህ የእሷ ጆንያ ይወደዳል። ዘነዘና ግን “ሰው የረከሰለትን ነው የሚገዛው፤ እኔ ባልሸጠው ሌላው ይሸጠዋል” አለ። “አንተ ከሃዲ! የገዛ እናትህን ገበያ ትዘጋለህ?” አለችው። የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ሁሉ በእናታቸው በኩል ሆነ። “እማዬ፣ ያንን ሰውዬ ቧንቧውን ዝጋ በይው።” ሰውዬው እኮ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል! “እማዬ፣ ዘግቼዋለሁ በያት።” በቀደም ታዲያ የእናትየው ትዕግሥት አለቀ። ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩና “እኔ የእናንተ ስልክ አይደለሁም! ከዛሬ ጀምሮ ቃል አላመላልስም። ይሄ የአሁኑ ዓሣ ለተረካቢው ካልወጣልኝ ደግሞ ኩሬዎቹን ለጎረቤት ኩባንያ ሸጬ እገላገላለሁ” አሉ። ኩሬዎቹ በስማቸው ናቸው፤ ያሉትንም የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

ተረካቢው ትኩስ ዓሣ ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ነው። ያንን የካርቶን ዓሣ ችለው እስካሁን የቆዩት በእሱ ነው። ግን ሕግ አለው፤ ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ቀን መኖ አይቀምስም። ሆዱ የሞላ ዓሣ መንገድ ላይ አንጀቱ ይበላሽና ሥጋውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ተረካቢው ኩሬው ዳር ቆሞ አንዷን መርጦ ይሰነጥቃል። ሆዷ ውስጥ መኖ ካገኘ ባዶ መኪናውን ይዞ ውልቅ ይላል።

ዘነዘና ለሁለት ቀን ራቅ ያለ ገበያ ሰንብቶ ዓሣው በሚወጣበት ዋዜማ አመሻሹ ላይ መጣ። መርፌ በረንዳው ላይ መረብ ትጠግናለች። ከተረካቢው ጋር ቀኑን የቆረጠችው እሷ ብቻ ናት፤ ዓሦቹን እያስራበቻቸው መሆኑን ልትነግረው ይገባል፤ የነገ ጠዋት መኖ የእሱ ተራ ነውና። አፏን ከፈተች። ትከሻው ላይ ያንን የተረገመ ካርቶን ስታይ ደሟ ፈላ፤ አፏም ተመልሶ ተዘጋ። ምናባቱ! ዓይን የለውም እንዴ? መረቡን እያየ ነገ ዓሣ እንደሚወጣ ይጠፋዋል? እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነችና ገባች።

ጠዋት ተረካቢው ቦት ጫማውን አድርጎ ከች አለ። መረቡ ተጎተተ። መርፌ በአንድ በኩል፣ ዘነዘና በሌላ በኩል ገመድ ይዘዋል፤ እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ተረካቢው አንዷን አነሳና ሰነጠቃት። በጣቱ ጫን ሲላት ቡናማ መኖ ዝርግፍ አለ። ሁለተኛ ሰነጠቀ፤ ያው ነው።

“ይሄ የዛሬ መኖ ነው” አለ ረጋ ብሎ። “ምን ተባብለን ነበር?”

“እኔ አይደለሁም! እሱ ነው!” ብላ ጮኸች መርፌ። “ሆን ብሎ ነው! የካርቶን ዓሣው እንዲደራለት!”

ዘነዘና ገመዱን ጣለው። “አዎ፣ አብልቻለሁ! ሊነጋጋ ሲል ብወጣ አፋቸውን ከውሃ አውጥተው ይለማመጣሉ። ያቺ ቋጣሪ መኖ ቆጥባባቸው ነው ብዬ ደብል አድርጌ ሰጠኋቸው። አታብላ ያለኝ ማን አለ? እማዬ፣ ነግረሽኛል?”

“ለእኔስ ማን ነገረኝ?” አሉ እናትየው።

ሁሉም ወደ መርፌ ዞሩ። “መረቡን አላየህም?” አለች።

“አንቺ መቼ ነው መረብ ሳትጠግኚ ውለሽ የምታውቂው?”

እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ገብቷታል፤ ለእሱ ይቅርታ ከማለት ግን ሞቷን ትመርጣለች። ወደ ተረካቢው ሄዳ “በእናትዎ፣ ሁለት ቀን ብቻ ይታገሱን” ብላ ለመነችው።

“መርከቡ ነገ ይጫናል፤ እናንተ እስክትታረቁ አይቆምልኝም” አለና ቢላውን ጠርጎ ወደ መኪናው አመራ።

እናትየው ተነሱ። ቀሚሳቸውን አራገፉና ተከተሉት። “ልጄ፣ ኩባንያው በር ላይ ጣል አድርገኝ” ብለው ጋቢና ወጡ።

“እማዬ!” አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

“ያዛት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!” አለች መርፌ።

“አንቺ ሂጂ! አንቺን ነው የምትሰማው!”

“የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው!”

“በሩን ክፈችው፣ በዚያ በኩል!”

እናትየው በመስኮቱ ብቅ ብለው ሁለቱንም አዩአቸው። “አሁን አፋችሁ ተፈታ?” አሉ። “ዓመት ሙሉ ለመንኳችሁ። አሁን ምን ያደርግልኛል? ንዳው ልጄ።”

መኪናው ከግቢው ወጣ። “አንተ ነህ!” “አንቺ ነሽ!” “አንተ ነህ እንጂ!” ሲባባሉ፣ እናትየው ኩሬዎቹን ሊለካ ሜትር ከያዘ የኩባንያ ሰው ጋር እስኪመለሱ ድረስ አላቋረጡም።