ጤነኛው ማሽን

በማሠልጠኛው ወርክሾፕ ያለው የማጓጓዣ ቀበቶ ስንት ዓመት ሙሉ የታመመው በአንድ በሽታ ብቻ ነው። ፈተና በደረሰ ቁጥር መምህሩ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ የተቃጠለ ፊውዝ ይከቱበታል። ተፈታኙ አውጥቶ ደህናውን ይተካል፣ ቀበቶው ይዞራል፣ መምህሩ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ለቀጣዩ ተፈታኝ የተቃጠለውን መልሰው ይከታሉ። የኢንዱስትሪ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ማለት ይኸው ነው፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጥበታል።

ምስጢሩን የማያውቅ ሠልጣኝ የለም። አንዷ ግን ሁሉን ነገር ካልለካች አይሆንላትም፤ ጓደኞቿም «መለኪያ» ይሏታል። ታላቅ ወንድሟ እሱ በሚሠራበት ፋብሪካ ቦታ አስይዞላታል። ይህን ፈተና ከወደቀች ቦታው የሌላ ነው።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ መምህሩ ረጅም የስልክ ወሬ ጨርሰው ገና መቀመጣቸው ነበር። ሳጥኑን ከፍታ ፊውዙን ለካች፤ ደህና ነው። ሽቦውን ለካች፣ ሪሌ የሚባለውን መቀያየሪያ ለካች፤ ሁሉም ደህና። ዞር ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የተቃጠለው ፊውዝ ከስልካቸው አጠገብ ተጋድሟል። በወሬ ተይዘው መመለሱን ረስተውታል።

«መምህር፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

መምህሩ በሐዘኔታ ሳቁ። «ልጄ፣ ጤነኛ ማሽን ለፈተና አይቀርብም።»

«ላስነሳውና ይዩታ።»

«ብልሽቱን ሳታገኚ ማብሪያውን ብትነኪ ዜሮ ነው። መመሪያ ነው።»

በጣቷ ወደ ጠረጴዛው ልትጠቁም ቃጣትና ተወችው። ያዋረዳቸውን ሰው የሚያሳልፉ መምህር እስካሁን አልሰማችም። ደህናውን ፊውዝ ነቀለች፣ ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሐኪም ራሷን ነቀነቀች። ጀርባዋን አዙራ ያንኑ መልሳ ሰካችውና ማብሪያውን ተጫነች። ቀበቶው ዞረ።

«አየሽ? ስንፍና ነው እንጂ ይቻላል!» አሉ መምህሩ እያጨበጨቡ።

ከወጣች በኋላ ስልካቸውን ሲያነሱ የተቃጠለውን ፊውዝ አገኙት። ማሽኑ እውነትም ጤነኛ እንደነበር ገባቸው፤ ልጅቷ ብታወራባቸውስ? በማግስቱ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ፋብሪካ ገብታ መባከን የለባትም ብለው ለአለቆቻቸው ተሟገቱና ረዳታቸው አድርገው አስቀጠሯት። ወንድሟ ደመወዙን ሲሰማ የፋብሪካው ቦታ ለሌላ ይሁን አለ።

የመጀመሪያ ሥራዋ ማሽኑን ለፈተና ማበላሸት ሆነ። የተቃጠለውን ፊውዝ ከመክተቷ በፊት ግን ለካችው። በትክክል ተቃጥሏል።